አባባና ብርቱካኗ ኮከብ

አባባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባሌስትራ፣ መኪናን ከሥር የሚሸከመውን ጥምዝ ብረት፣ ሲሠራ ሙቀት መለኪያ የሚባል ነገር ነክቶ አያውቅም። መለኪያው ዓይኑ ነው። ብረቱ ምድጃው ውስጥ ብርቱካን ሲመስል ያወጣዋል፤ ከነጣ ግን ተቃጥሏል፣ አለቀለት። አመሻሽ ላይ ሥራ ሲያበቃ ደግሞ ቀና ብሎ ከጣሪያው በላይ የምትወጣውን ብርቱካን ኮከብ ይፈልጋል።

ስለ ኮከቧ የነገርኩት እኔ ነኝ፣ ፊዚክስ አስተማሪዋ ልጁ። ከፀሐይ በብዙ እጥፍ ትገዝፋለች፤ ነጥብ ያስመሰላት ርቀቷ ነው። ዛሬ የምናየው ብርሃኗ ከእሷ የተነሣው ገና አያቱ ሳይወለዱ ነው። ከጎኗ ካለችው ነጭ ኮከብ ደግሞ ሙቀቷ ያንሳል፤ ልክ እንደ ብረቱ። ይሄን ጊዜ አባባ ሳቀ። የእኔዋ ለመታጠፍ ደርሳለች፣ ነጯን ግን አንድ ሰነፍ አቃጥሏታል አለ።

ዘንድሮ ግን የሠራቸው ሦስት ባሌስትራዎች ተሰበሩ። የጋራዡ ባለቤት አንድ እንኳ ከተደገመ ከምድጃው ትነሣለህ አለው። አባባ ብረቱን ረገመ፣ ከሰሉን ረገመ፣ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ዓይንህን ተመርመር ስለው ደሙ ፈላ። ኮከቤን በየቀኑ እያየሁ ዕውር ታደርጊኛለሽ አለ።

እኔም የእሱ ልጅ ነኝ፣ እልኸኛ። እንደመሸ እጁን ይዤ ግቢ አወጣሁት። ሁለቱም ኮከቦች ወጥተዋል።

«የትኛዋ ናት ያንተ?» አልኩት።

ጣቱን አነሣ። ወደ ነጯ ወሰደው፣ ወደ ሌላዋ መለሰው፣ ከዚያ እጁ ወረደ።

«ሁለቱም ብርቱካን ናቸው» አለ።

እሱም ገብቶታል፤ ብረቱ ሲነጣም ለእሱ ያው ብርቱካን ነበር። በማግስቱ ማንም ሳይልከው ባለቤቱ ፊት ቆሞ ሦስቱንም ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ ዓይኔን ታክሜ እስክመጣ ብረት አልነካም አለ። የዓይን ሐኪሟ ሞራ ነው፣ አርጅቶ ቢጫ ሆኗል አለችው። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ልትሰጠው ብትል ዛሬ ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። ነገ ይሁን ብላ ተገላገለችው።

ፋሻው በተነሣ በሳምንቱ ምድጃው ፊት ቆመ። እኔም ባለቤቱም ከኋላው ነን። አባባ ብረቱን በጉጠት ይዞ ሳበው።

«ቶሎ አወጣኸው» አለ ባለቤቱ።

«በሰዓቱ ነው» አለ አባባ። «እስከ ዛሬ ነው የዘገየሁት።»

መዶሻውን አነሣ።