የእትዬን ቃል የተረጎምኩበት እሑድ

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ቂም ይዤ ጸልያለሁ። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ፎቅ ሥር በተከራየነው አዳራሽ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ዓይኔን ጨፍኜና እጄን ዘርግቼ የምለምነው አንድ ሰው በሕዝብ ፊት እንዲዋረድልኝ ነበር። ጎኔ የሚቀመጡት እናቶች መንፈስ የነካኝ መስሏቸው ትከሻዬን ይዳብሱኝ ነበር። እግዚአብሔር ልመናዬን ሊሰማ እንዳልፈለገ ሲገባኝ ሥራውን ራሴ ሠራሁት።

ሰውየው ጠላቴ ሆኖ አልተወለደም። የአንድ ጉባኤ ልጆች ነን፤ እሱ ዘማሪ፣ እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ። አንድ የሚስዮን ማኅበር፣ በካሪቢያን ባሕር ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ደሴት የመንደር ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት በነፃ የሚያግዙ ሁለት ሰዎች እንደሚፈልግ ሲነግረን፣ አብዛኛው ምእመናችን ናይሮቢ ውስጥ በስደተኛ መታወቂያ የሚኖር ስለሆነ ፓስፖርት ያለን ጥቂቶች ብቻ ተመዘገብን። ዕጣው ለእኔና ለእሱ ወጣ። ሐበሻ እርዳታ ተቀባይ እንጂ ሰጪ ሆኖ የት ታይቷል እያልን፣ እየሳቅን ነው አውሮፕላን የተሳፈርነው። ያኔ ወንድሜ ነበር።

መንደሪቱ ከባሕሩ በላይ ገደል ላይ የተለጠፈች ናት። ዓሣ አጥማጆቹ ሲመለሱ አንዱ ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት አንስቶ እንደ መለከት ይነፋል፤ የሰማ ሁሉ ሳህኑን ይዞ ቁልቁል ይሮጣል። እኔ ያረፍኩት ልጆቻቸው ሁሉ በየአገሩ ተበትነው ብቻቸውን ከሚኖሩ አንዲት አሮጊት ቤት ነበር። በባዶ ስማቸው መጥራት አፌ ላይ ከበደኝና "እትዬ" አልኳቸው። ትርጉሙን ሳይጠይቁ ወደዱት። እንግሊዝኛ እምብዛም አይሆንላቸውም፤ የሚናገሩት ከፈረንሳይኛ የተወለደውን የደሴቲቱን ቋንቋ ነው። ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ አብሬያቸው አተር እየፈለፈልኩ ተማርኩት። እሱ የሚኖረው ግን ትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል፣ እንግሊዝኛ ከሚናገሩት መምህራን ጋር ስለነበረ፣ ቋንቋው ከ"እንደምን አደሩ" አላለፈለትም። ቅዳሜ ሲመጣም ወደብ ወዳለበት ከተማ ወርዶ ኢንተርኔት ያለበት ቤት ይውል ነበር።

በዝናቡ ወራት ነፋስ የእትዬን ጣሪያ ግማሹን ነቅሎ ወሰደው። እኛ ደቦ የምንለውን እነሱም ያውቁታል፤ ጎረቤቱ ሁሉ መዶሻና መሰላል ይዞ መጣ፣ እኔም የተሰባበረውን ሳንቃ ስሸከም ዋልኩ። ምሳ ሲደርስ እትዬ ጨው ዓሣና የተቀቀለ ጥሬ ሙዝ ሳህን ሙሉ አቀረቡልኝ። እኔም የአገሬን ሥራ ሠራሁ። "አይ፣ በልቻለሁ" አልኳቸው። ቁርስ እንኳ አልቀመስኩም። እንድለመን፣ በሞቴ እንድባል፣ በሦስተኛው ላይ እንደ ተሸነፈ ሰው እጄን እንድሰድ ነው። እትዬ ዓይኔን አዩና ሳህኑን አንስተው ለጎረቤታቸው ሰጡት። በዚያ መንደር የቀረበልሽን ምግብ እምቢ ማለት ያቀረበልሽን ሰው እጅ ተጸየፍኩ ማለት ነው። እንደዚያ መሆኑን የሚነግረኝ ሰው ያገኘሁት እትዬ ሰላምታዬን መመለስ ካቆሙ ከሦስት ቀን በኋላ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ወጥ ቤታቸው በር ላይ ቆሜ በቋንቋቸው "እትዬ፣ ራበኝ" አልኳቸው። ራበኝ ብዬ የሰው በር ላይ ስቆም በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንባዬ መጣ። ሳቁ፣ አቀፉኝ፣ እስኪያመኝ አበሉኝ። ከዚያ ወዲያ ልጃቸው ሆንኩ።

ጣሪያው ግማሽ እንደ ሆነ፣ ዓመቱም ሊሞላ ሦስት ወር ሲቀረው፣ ከናይሮቢ ተደወለ። እናቴ ሆስፒታል ገብታ ቀዶ ጥገና ሊደረግላት ነው። በማግስቱ ተነሣሁ። እናቴ ድና ቤቷ ገባች፤ እኔ ግን እሷን ሳስታምም ከርሜ ጉባኤው ፊት ወጥቼ ስለ ጉዞዬ ሳልመሰክር ቀረሁ።

እሱ ግን ዓመቱን ጨርሶ ሲመጣ መድረኩን ሰጡት። ከጎኑ ጊታር ተቀምጦለት፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መሰከረ። "እህታችን ምግባቸውን እምቢ ብላ መንደሩ አኮረፋት" አለ። ከዚያ ድምፁን እንደ እኔ አቅጥኖ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ "አይ፣ በልቻለሁ" አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሷን ላስታምም ብዬ ሁሉን ጥዬ የመጣሁላት እናቴ ሳትቀር ሳቀች። "ናፍቆቱም ከበዳትና ቀድማን ተመለሰች" ብሎ ቀጠለ፤ ስለ ሆስፒታሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፣ ስለ ወጥ ቤቱ በርም እንዲሁ። "የአሮጊቷ ጣሪያ ተከፍቶ እንዳይቀር ግን ጌታ ረድቶኝ በእነዚህ እጆቼ ከደንኩት።" እጆቹን አነሣ። ሰው ሁሉ "አሜን" አለ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከዚያ በኋላ የትም ቤት ስገባ፣ ሳህን ሲዞር፣ "እሷን እለፏት፣ በልታለች" ይባላል። ሌላ ቡድን ወደ ደሴቲቱ የሚልክ አገልግሎት ሲቋቋም መሪ ተፈለገ። ቋንቋውን የማውቀው እኔ፣ ከእትዬ ጋር በየሳምንቱ የምነጋገረው እኔ፤ ስሜን ያነሣ ሰው አልነበረም። ሸሽታ የመጣች ሴት ማን መሪ ያደርጋታል? እሱ ተመረጠ። በዚያ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ባለበት ሰፈር፣ ጊጊሪ፣ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ሥራ አገኘ፤ ደረቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ መምጣት ጀመረ። የሆነው ሆኖ ሳቁንም ናፍቆቱንም ምናልባት በጊዜ ብዛት እተወው ነበር። አንጀቴን የበላኝ ጣሪያው ነው። ያ ሰው ምስማር ሲመታ አይቼው አላውቅም። ከእትዬ ጋር ስንደዋወል ስለ እሱም ስለ ጣሪያውም አንሥቼ አላውቅም፤ መልሱን የማውቅ መስሎኝ። የእኔን ስም አፍርሶ ባልሠራው ሥራ የራሱን ስም ሠራ፣ ብዬ አመንኩ። ስሜን መልሶ የሚሰጠኝ ውሸቱ ሲጋለጥ ብቻ ነበር።

እጅ ተጭኖበት ለአገልግሎቱ ሊሾም ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወደ ፓስተሩ ሄድኩ። "ፓስተር፣ የደሴቲቱን እናት በቪዲዮ እናምጣቸውና እሳቸውም ይመርቁት፤ እኔ እተረጉማለሁ" አልኳቸው። ፓስተሩ ልባቸው ተነካ። "የልብሽን ስፋት አየሁ፣ ልጄ" አሉኝ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። እነሱ ከእኛ ሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆኑ ፕሮግራሙ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዲሆን ተወሰነ።

ዕለቱ ደረሰ። እትዬ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣቸውን አድርገው በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ብቅ ሲሉ ሕዝቡ አጨበጨበ። ስልኩን ያመጣችላቸው ጎረቤት መደርደሪያ ላይ አስደግፋላቸው ወጣች። ከራሳቸው በላይ አዲሱ ቆርቆሮ ያበራል። እሱ ከፊት ረድፍ ተቀምጧል፣ ከረባት አስሮ። ማይኩን ይዤ ለሁላቸው እንዲሰማ በአማርኛ፣ "እስቲ ቤትዎን ማን እንደ ከደነልዎ ከራስዎ አንደበት እንስማ ብዬ ልጠይቃቸው ነው" አልኩ። ከዚያ በእሳቸው ቋንቋ ጠየቅኳቸው።

"ረጅሙ ነዋ!" አሉ እትዬ። እጃቸውን ከባርኔጣቸው በላይ አንሥተው ቁመት አሳዩ። ስሙን መጥራት ስለማይችሉ ከኋላው ረጅሙ ነበር የሚሉት፤ እሱ ይህን አያውቅም። "አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ፣ ምስማሩን ሁሉ እያጣመመ፣ ጎረቤቶቼ እየሳቁበት ጨረሰው። ከተማ መውረዱንም ተወ። ለምን ትደክማለህ ብዬ በአንዱ መምህር ባስጠይቀው፣ ስትሄድ አደራ ብላኛለች አለ።"

አደራ ማለቴን አላስታውስም። አውቶቡሱ ላይ አንድ እግሬን ሰቅዬ፣ ሰው ሲለያይ እንደሚባለው፣ "እትዬን አደራ" ብዬው ይሆናል።

ደነገጥኩ። አፈርኩ ብዬ ብጽፍ ያምርልኝ ነበር፤ ግን ያኔ ደረቴን የሞላው ንዴት ነው። ዓመት ሙሉ ውሸታም ሆኖ እንዲገኝልኝ ነበር የጠበቅኩት። እውነተኛ ሆኖ ሳገኘው የባሰ ጠላሁት። ድምፁን አቅጥኖ "አይ፣ በልቻለሁ" ያለባት ቀን፣ ያ ሁሉ ሳቅ፣ እናቴ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ስትንፈቀፈቅ፣ ሁሉም ጆሮዬ ውስጥ ነበር። አዳራሹ እኔን ይጠብቃል። ከዚያ ሁሉ ሰው እትዬን የምሰማቸው እኔ ብቻ ነኝ።

"የመንደሬ ሰዎች ናቸው የከደኑልኝ ይላሉ" አልኩ። "ከአንቺ ጋር የመጣ ወንድ ትዝ አይለኝም ይላሉ።"

ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት፣ "እጃቸውን እንዲህ ያደረጉትስ?" አሉኝ።

"ዛፎቹ አድገዋል ማለታቸው ነው።"

ከኋላ፣ እዚሁ ናይሮቢ ካደጉት ወጣቶች አንዷ ለጓደኛዋ፣ "ያኒ ዋሽቷል ማለት ነው? ሲሪየስሊ?" ስትል ሰማኋት። እንዴት እንደ ጣፈጠኝ አልደብቃችሁም። አዳራሹ ውስጥ ሹክሹክታው ከረድፍ ረድፍ ሲተላለፍ፣ የሽማግሌዎቹ ፊት ሲጠቁር፣ እያንዳንዷን እያየሁ ቀመስኳት።

እሱ ብድግ አለ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "እባክሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ የነበረው በያቸው" አለኝ። "ሳልሰናበታቸው መምጣቴ እስካሁን እንደሚከነክነኝም ንገሪያቸው።"

ወደ እትዬ ዞሬ፣ "ደህና ነዎት ወይ ይላል" አልኳቸው።

እትዬ ፊታቸው በራ። "ደህና ነኝ በይው! የፈለገ ዝናብ ቢመጣ አንዲት ጠብታ አትገባም። ለምን ተሰወረብኝ? ይምጣና ይብላ፤ እሱ እንዳንቺ በልቻለሁ አይልም" ብለው ከት ብለው ሳቁ፤ ለእሱም እጃቸውን አወዛወዙለት።

"ይቅርታ ልጄ፣ እርጅና ነው፣ አላወቅኩህም ይላሉ" አልኩት።

እሱም እጁን ለማወዛወዝ ጀምሮ ደረቱ ላይ ሲደርስ ተወው፤ ተቀመጠ። ፓስተሩ ማይኩን ተቀብለው ሹመቱ ለሌላ ጊዜ መተላለፉን ተናገሩ። ወደ በሩ ስንወጣ ሦስት እናቶች በየተራ አቀፉኝ። "በስምሽ ተጫወተብሽ፣ ፖሌ" አሉኝ። "ፖሌ" ናይሮቢ ለተጎዳ ሰው የምትለው ቃል ናት፤ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንዲለኝ የፈለግኳት ቃል።

ስቴጁ፣ ፌርማታው ጋ፣ ከእናቴ ጋር ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ስንጠብቅ ደረሰብን። ከረባቱን አውልቆ ኪሱ ከቶታል። እናቴን ሰላም ብሎ ወደ እኔ ዞረ። "ስለ ምግቡ የተናገርኩት ጥፋት ነው፤ ሰው ሲስቅልኝ ጊዜ ጨመርኩበት" አለ። "በሆስፒታሉም ዝም ያልኩት ጥፋቴ ነው። ይቅር በይኝ።" ከዚያም፣ "ግን በእውነት ጨርሶ ረስተውኛል?" አለኝ።

ዓይኑ እንደ ልጅ ዓይን ይጠብቀኝ ነበር። እዚያው ማቆም እችል ነበር።

"አሮጊት ናቸው እኮ፣ ምን ይደረግ" አልኩት። ማታቱው መጣና ተሳፈርን።

ገና መንገድ ላይ ሳለን ከእትዬ የድምፅ መልእክት ገባልኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሰማሁት። ረጅሙ ለምን እንዳልሳቀላቸው፣ ለምን ፊቱ እንደዚያ እንደ ሆነ፣ ምን እንዳስቀየሙት ነው የሚጠይቁት። ሁለት ጊዜ፣ "ልጄ ምን ሆነብኝ?" አሉ። ከዚያ ቀን በፊት "ልጄ" የሚሉት እኔን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ፣ "ምን ይላሉ?" አለችኝ።

"ሰላም በይልኝ ነው" አልኳት።

ከዚያ ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ ቀስ ብዬ፣ እሳቸው ራሳቸው ባስተማሩኝ ቋንቋ፣ "እትዬ፣ አላወቀዎትም፤ ረስቶዎታል" አልኳቸው።

መልእክቱን ሰምተውታል፤ የመሰማቱ ምልክት ስልኬ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ ደውለውልኝ አያውቁም።