ናዚፋ ብቻ የምታይበት መነፅር

ቡሬ ላይ የናዚፋን ስቱዲዮና የእኔን ልብስ ስፌት ቤት የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። እሷ ስትስቅ እሰማለሁ፤ እኔ ደንበኛ ስቆጣ እሷ ትሰማለች። አልጣሽ በምላሷ ሰው አታስቀምጥም ይሉኛል፤ ይበሉ። ስለ ናዚፋ ክፉ የሚናገር ግን እኔ ፊት ቆሞ አያውቅም።

ሥራዋ ሠርግ መቅረፅ ነው። ሠርግ የሚቀርፅ በከተማችን ሞልቷል፤ የሴቶቹን ወገን የምትቀርፅ ግን እሷ ብቻ ነበረች። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የሂናው ዕለት ሴቶቹ ለብቻቸው ናቸው። ግቢው ይዘጋል፣ ወንድ የሚባል አይገባም። ሻሻቸውን ያወልቃሉ፣ ፀጉራቸውን ይለቃሉ፣ የልባቸው እስኪደርስ ይጨፍራሉ። እኔ የሙሽራዋን ቀሚስ ስለምሰፋ እገባለሁ። ማተቤን አንገቴ ላይ አይቶ የከለከለኝ ሰው የለም።

ናዚፋና ባሏ ዑስማን ድሮን ሲገዙ ሴቶቹ ደነገጡ። ከላይ ሆኖ የሚያየን ማን ነው አሉ። ናዚፋ አስባበት ነበር። ሌላው ቀራጭ ምስሉን በስልኩ ስለሚከታተል በአጠገቡ ያለፈ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል። እሷ ግን ዓይንን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን መነፅር ገዛች። ድሮኑ ከላይ የሚያየው እዚያ መነፅር ውስጥ ብቻ ይታያል። "እኔ ሴት ነኝ፤ ከእኔ በቀር የሚያይ የለም" አለቻቸው። ጭፈራው ሲያበቃም ካርዱን ከድሮኑ አውጥታ ለሙሽራዋ እናት በእጇ ታስረክባለች፤ ለራሷ አታስቀርም። ከአዴት እስከ ፈረስ ቤት የሚጠሯት በዚህ ቃሏ ነበር።

ይህ የምነግራችሁ የሆነው በ2015 ጥር ላይ ነው። እኛ ሰፈር ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ ገና የሠርግ ድምፅ የነበረበት ጊዜ ነው።

የዚያን ጥር መጀመሪያ ናዚፋን ታይፎይድ ጣላት። የሽንዲ ሰዎች ሠርግ ደግሞ ደርሷል፣ ቃል ተገብቷል። በእሷ ፈንታ የባሏ እህት ሉባባ ሄደች፤ ሥራውን ያስተማረቻት ራሷ ናዚፋ ናት። ዑስማን በመኪና አድርሷት ውጭ ከወንዶቹ ጋር ጠበቃት ተባለ። ሽንዲዎች በቪዲዮው ተደስተው ምርቃት ላኩ። ሾርባ ይዤ ልጠይቃት ስገባ ናዚፋ ከአልጋዋ ቀና ብላ "ሉባባ እኮ አኮራችኝ" አለችኝ። ዑስማን አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ይዞ ነበር።

ተሽሏት የወጣችበት የመጀመሪያ ሥራ የናጂሃ ልጅ ሂና ነው። ናጂሃ እዚሁ ቡሬ በርበሬ የምትነግድ፣ ሰው የሚያከብራት ሴት ናት። ግቢዋ ሞልቶ፣ ድቤው ሞቆ ደረስን። ናዚፋ ጥግ ይዛ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፣ ድሮኑን አበራች፣ መነፅሩን ዓይኗ ላይ አደረገች።

"ጨለማ ነው" አለች።

አጥፍታ አበራችው፤ ጨለማ። የመነፅሩን ባትሪ ቀየረች፤ ጨለማ። አንቴናውን አስተካከለች፣ ካርዱን አውጥታ መልሳ ከተተች፣ ቻናሉን ቀያየረች። ድሮኑ ከሪሞቱ ጋር ሰላም ነው፤ ሲያዙት ይሽከረከራል። መነፅሩን ግን አላውቅህም አለው። እኔም የማውቅ ይመስል "እስቲ መታ መታ አድርጊው" አልኳት፤ የአባቴ ሬዲዮ እንደዚያ ነበር የሚሠራ።

"ናዚፋ፣ ምነው? አርጅተናል ብሎ ነው አላይም ያለን?" ብለው ሴቶቹ ሳቁ።

"እኔው ነኝ፤ ሕመሙ እጄን አስረሳኝ መሰል" አለች ናዚፋ። ራሷን ነበር የምትወቅሰው። ሉባባ አጠገባችን ቆማለች። ሌላ ጊዜ እጇ የማያርፈው ልጅ ያን ቀን አንድም ነገር አልነካችም።

በመጨረሻ ጫጫታውን ሸሽተን ሦስታችንም የናጂሃ በርበሬ ማስቀመጫ ክፍል ገባን። ናዚፋ ፍኖተ ሰላም ለሚኖረው ለክንፈሚካኤል ደወለች። እሱም ሠርግ ቀራጭ ነው፣ እንደ እሷ ያለ ድሮን አለው። ሁለት እጇ ስለተያዘ ስልኩን ጮክ አድርጋ በርበሬው ጆንያ ላይ አስቀመጠችው።

"ተሻለሽ? እግዜር ይመስገን!" አለ ክንፈሚካኤል። ችግሩን ነገረችው። "ይኸማ ቀላል ነው። አንድ ድሮን የሚታሰር ታንድ መነፅር ጋር ብቻ ነው። ተኔው መነፅር ጋር እንደታሰረ ቀርቶ ነዋ።"

"ካንተ መነፅር ጋር ምን አገናኘው?"

"ዑስማን ለሽንዲው ሠርግ ተውሶኝ የለ? ሲመልስልኝ ድሮኑን ተናዚፋ መነፅር ጋር መልሰህ እሰረው ብየው ነበር። ረስቶታል።" ቀጥሎ የትኛውን ቁልፍ ተጭና እስኪጮህ መያዝ እንዳለባት አስረዳት። ሰውየው በቅንነት ነው የነገራት። አመስግና ስልኩን ዘጋች።

ከዚያ ወደ ሉባባ ዞረች። "ሽንዲ ላይ የኔን መነፅር አድርገሽ አልነበር?"

"አድርጌ ነበር።"

"ምን አየሽበት?"

ሉባባ ጆንያ ጆንያውን አየች። "ምንም። ጨለማ ነበር።"

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች፤ ነገሩም ከልቅሶው ጋር ወጣ። መነፅሩን ስታደርገው ያዞራታል፣ ያስመልሳታል። ይህን ለናዚፋ መናገር አፈረች፤ ለወንድሟ ነገረችው። ዑስማን መላ አመጣ። እሱ ከአጥሩ ውጭ መኪና ውስጥ ሆኖ በክንፈሚካኤል መነፅር ያበርራል፤ እሷ የናዚፋን መነፅር ዓይኗ ላይ አድርጋ ሴቶቹ መሐል ትቀመጣለች።

"ሪሞቱስ?" አለች ናዚፋ።

"የአብዱረህማንን መጫወቻ መኪና ሪሞት ሰጠኝ። እሱን ይዤ ተቀመጥሁ።" አብዱረህማን የናዚፋ ልጅ ነው።

የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን በሳቅ በሞትኩ ነበር። ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። ሴቶቹ በጭፈራ መሐል ወደ ሉባባ እየዞሩ እጃቸውን ሲያውለበልቡ፣ ሉባባ በማያይ መነፅር ፈገግ ስትልላቸው፣ ወንዱ ደግሞ ከአጥር ጀርባ ቁጭ ብሎ የሁሉንም ፀጉር ሲያይ ታየኝ።

ናዚፋ ስልኩን እንደዚያው ጮክ እንዳደረገች ለባሏ ደወለች። "ዑስማን፣ የሽንዲን ሴቶች አይተሃል?"

"ለስምሽ ብየ ነው" አለ። "ብንቀር ሌላ ይጠሩ ነበር።"

"አይተሃል ወይ ነው ያልኩህ።"

"ወላሂ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያበረርሁት!"

"ጨፍነህስ ቢሆን ዋርካ ላይ ሰቅለኸው በመጣህ!" አልኩ እኔ ከጎን። አልቻልኩማ።

ናዚፋ አልጮኸችም። "ታምሜ ተኝቼ እጄን ይዘህ፣ ሉባባ እንዴት አድርጋ እንዳበረረችው ብታዪ ብለህ አወራኸኝ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። አየኸኝ፣ ዝም አልክ።" ስልኩን ዘጋችው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚለውን ስንት ጊዜ ለሌላ ሰው ተርቻለሁ፤ ሲጥል አጠገቡ ቆሜ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ባሏም፣ እጇን ይዛ ያስተማረቻትም ልጅ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን።

ክንፈሚካኤል እንዳላት ቁልፎቹን ተጭና ያዘች። ድሮኑ ጮኸ፣ መነፅሩም ጮኸ፣ ምስሉ መጣ። እንዲህ ቀላል ነበር።

"በይ ዛሬን አብርሪው" አልኳት። "ሰው አልሰማ፣ ሰው አላወቀ። የቤትሽን ነገር ቤትሽ ትጨርሽዋለሽ።" መካሪ መሆኔ ነው። እሺም እምቢም ሳትለኝ መነፅሩን ይዛ ወጣች።

ድሮኑ ከግቢው ላይ ሲነሳ እልልታው ቀለጠ። ያኔ ከሽንዲ የመጡት የሙሽራዋ አክስት ከተቀመጡበት ተነሱ። ትልቅ ሴት ናቸው፤ እስከዚያ ተከናንበው ጥጋቸውን ይዘው ነበር።

"የናዚፋ ነው? እንግዲያማ ምን እፈራለሁ!" ብለው ሻሻቸውን ፈቱት። በሂና የቀላ ረጅም ፀጉር ወረደ። "ባለፈው የልጄ ሠርግ ላይም የናዚፋ ነው ብለውኝ ነው በስተርጅና የጨፈርሁ!" ክንዳቸውን ዘርግተው ወደ ሰማይ እያዩ ዞሩ።

ናዚፋ ይህን ሁሉ በመነፅሯ ታያለች። ድሮኑን ቀስ አድርጋ አወረደችው፣ አጠፋችው፣ መነፅሩን ከዓይኗ አነሳች። ፊቷ በእንባ ርሷል።

"ተከናነቡ" አለች። ድቤው ቆመ። "እማማ፣ ሽንዲ ላይ ያየኋችሁ እኔ አይደለሁም። ሉባባም አይደለችም።"

"ታዲያ ማን ነው ያየን?" አሉ አክስቲቱ።

"ባሌ።"

ናጂሃ ደረቷን መታች። ከሽንዲ የመጡት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷ ወጣት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ናዚፋ በርጩማው ላይ ተቀምጣ "እኔም አላወቅሁም፤ እኔንም ነው የከዳኝ" አለች።

አክስቲቱ ሻሻቸውን ረጋ ብለው አሰሩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

"አንችን ባልሽ ከዳሽ፣ ልጄ" አሉ። "እኛማ ባልሽን መቼ አመንን? ያመንነው አንችን ነው።"