የሙሴ ሃጎፕ ደብዳቤ

ትናንት ማለዳ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ሙሴ ሃጎፕን መርዶ ልናረዳው ሄድን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ መምሬ እና ሁለት ጎረቤቶች።

ሙሴ ሃጎፕ እዚህ ደብረ ማርቆስ በጣሊያኖቹ የመኮንኖች ክበብ ፒያኖ የሚመታ አርመን ነው፤ ዕድሜው ከእኔ እኩል ነው። በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ከአገሩ ተሰደደ፤ አድጎ ተለያቸውና በመርከብ ላይ ተጫወተ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ሆቴል ተጫወተ። ጣሊያን ሲገባ ከነፒያኖው በካሚዮን ጭነው እዚህ አመጡት።

እነሱ ፊት የሚመታው የሰልፍ ማርሽና የዳንስ ቫልስ ነው። ሲወጡለት ግን ጃዝ የሚለውን ይጀምራል... ግራ እጁ ይረግጣል፣ ቀኝ እጁ እንዳሻው ይሄዳል። እኔ የክበቡ ጠራጊና ፖስታ አመላላሽ ነኝ፤ መጥረጊያዬን ተደግፌ እሰማዋለሁ። የእኛ ዜማ ባይሆንም ሆድ ያባባል።

ከሃያ ቀን በፊት ደብዳቤ መጣለት። የፖስታው ጠርዝ ዙሪያውን ጥቁር ነው። የፖስታ ቤቱ ጣሊያን ጥቁሩን በጣቱ እየነካ «የሞት ነው» አለኝ። ክው አልኩ። ሙሴ ሃጎፕ ሁሌ የሚያወራልኝ ስለ እናቱ ብቻ ነው፤ ካያት አሥራ አራት ዓመቱ።

ታዲያ ሰው መርዶ ብቻውን ይሰማል እንዴ? ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ቄስ ተይዞ ነው እንጂ። መምሬ ደግሞ ወደ ይጁቤ ገጠር ሄደው፣ በአርበኞችና በጣሊያን ተኩስ የዚያ መንገድ ተዘግቶባቸው ቀሩ። ደብዳቤውን ሳጥኔ ውስጥ ቆልፌ ጠበቅኳቸው።

በየቀኑ «ደብዳቤ የለኝም?» ይለኛል።

«የለም ሙሴ» እላለሁ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ... እኔ ጅሉ።

መምሬ ከትናንት በስቲያ ገቡ። እናም ትናንት በሩን አንኳኳን።

«ልጄ ሃጎፕ፣ በርታ። የእናት ነገር ነው» አሉት መምሬ።

ባለቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶዋን ለቀቀችው። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ደብዳቤውን ሰጠሁት። ከፍቶ ማንበብ ጀመረ... ከዚያ ሳቀ።

«እናቴ ናት የጻፈችው። በሕይወት አለች።»

«ጥቁሩስ?» አልኩት።

«አምና አባቴ ሞቷል። እናቴ ባለችበት አገር ሐዘንተኛ ዓመቱን ሙሉ በእንዲህ ያለ ወረቀት ነው የሚጽፈው።»

«የአባትህን ሞት ለምን አልነገርከንም?»

«ለማን ልንገር?» አለ።

ቢሆንም ደስ አለን። መምሬ አማተቡ፤ ባለቤቴ እንባዋን ጠርጋ መሬት ሳመች። እሱ ግን ወደ ታች ማንበቡን ቀጠለ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምነው?» አልኩት።

«ህንድ፣ ወንድሟ ዘንድ ልትኖር እየሄደች ነው። መርከቡ ጅቡቲ ሁለት ቀን ይቆማል። ‹አርጅቻለሁ፣ ከዚህ በኋላ አንገናኝም፣ መጥተህ ልይህ› ትላለች።»

«መቼ ነው የሚቆመው?»

«ባለፈው ማክሰኞ።»

እስከ አዲስ አበባ በካሚዮን፣ ከዚያ በባቡር... በጊዜው ሰጥቼው ቢሆን ይደርስባት ነበር። እግሩ ላይ ወደቅኩ። አላነሳኝም፣ አልገፋኝምም።

ባለቤቴ ነጠላዋን አስተካክላ ልትወጣ ስትል እጇን ያዛት።

«አትሂዱ» አለ። «ለለቅሶ አይደል የመጣችሁት? ቁጭ በሉና አልቅሱልኝ።»

ቁጭ አልን። እስከ ረፋድ ድረስ በሕይወት ላለች እናት አለቀስን።

ሞት ያልለያቸውን እናትና ልጅ የለየሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ለእሱ አዝኜ።