ጠጋበሉ እና የፊት በሩ ማሽን

እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ተሳፋሪ ያለ አይመስለኝም። በእኛ መስመር አውቶቡስ፣ ከኋላው በር አጠገብ፣ ከወለሉ ከፍ ብላ በአራት ብሎን የታሰረች የብረት ወንበር ነበረች፤ እዚያች ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጣ ቲኬት የቆረጠችውን ሴት ሁላችንም ጠጋበሉ ነው የምንላት። ከአፏ የማይለየው ቃል እሱ ነዋ። ጠጋ በሉ ስትል ሰው ጠጋ ይላል፤ መጠጊያ ባይኖርም ጠጋ ይላል። አንድ ቀን ፖሊስ ሌባ ይዞ ቢሳፈር፣ ሁለቱንም በአንድ ድምፅ ጠጋ በሉ ብላቸው ሌባው ፖሊሱ ጭን ላይ ከመቀመጥ ለጥቂት ነው የተረፈው።

ደግ ሴት ነበረች ብዬ አልዋሽም። አፏ ምላጭ ነው። ከረባት ያሰረ ሰውዬ አውቶቡሱ ዘገየ ብሎ ቢነጫነጭባት፣ ከቸኮልክ ትናንት አትነሳም ነበር ወይ አለችው። ዝርዝር የሌለው ሰው ትልቅ ብር ሲዘረጋላት ብሩን ወደ መስኮቱ አንስታ ከፀሐይ ጋር ታያይና፣ አውቶቡሱን ልትገዛው ነው እንዴ ትላለች። ከሹፌሩ ጋር የሚነጋገሩት በደወል ብቻ ነበር። አንድ ደወል ቁም፣ ሁለት ደወል ሂድ፣ ሦስት ደወል ምን ነካህ ማለት ነው። ሹፌሩ ሦስቱን በሰማ ቁጥር ፍሬን በኃይል ይረግጥና እኛን እርስ በርስ ያጋጨናል።

ቤቷም ሰላም አልነበረም። ባሏ የረጅም ርቀት የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በወር ሁለቴ ቢመጣ ነው። በቀረው ቀን ባለ ሁለት ክፍሉ ቤት የእሷና የአማቷ ነበር። አማቷ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጠላቸው ላይ ጠብታ የማይገኝ ሴት። ሁለቱ የሚጣሉት በአንዲት መስኮት ነበር። ምራቲቱ ቀኑን ሙሉ የሰው ትንፋሽ ስትተነፍስ ስለምትውል ቤት ስትገባ ትከፍተዋለች፤ አማቲቱ ብርድ ገባ ብለው ይዘጉታል። ይከፈታል፣ ይዘጋል። በስድስት ዓመት ውስጥ ማጠፊያው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ባሏ ስልክ ሲደውል ሁለቱም ሰላም ነን ይሉታል፤ እሱም አምኖ ሳይሆን ፈርቶ እሺ ይላል።

የመስመራችን ልማድ ካልተነገረ የቀረው አይገባም። ጠዋት አውቶቡሱ ስለሚጨናነቅ ሰው በሁለቱም በር ይገባል። በፊት በር የገባ ሰው ጠጋበሉ ጋ መድረስ ስለማይችል ሂሳቡን አጠገቡ ላለው ሰው ይሰጥና፣ አሳልፉልኝ ይላል። ሳንቲሙ ከእጅ ወደ እጅ፣ በትከሻ ላይ፣ በዘንቢል ሥር እየተሽሎከለከ እሷ ጋ ይደርሳል፤ ቲኬቱና መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። በአሥራ ሁለት ዓመት ምልልሴ አንዲት ሳንቲም መንገድ ላይ ቀልጣ አላየሁም። እግር የሚረጋገጥ፣ በክርን የሚጎሻሸም፣ ዘር ማንዘር እየቆጠረ የሚሰዳደብ ሕዝብ በዚች በአንዲት ነገር ታማኝ ነበር።

ከዚያ ካርዱ መጣ። በየፌርማታው የቆርቆሮ ሱቅ ተተከለና ለእያንዳንዳችን ሰማያዊ ካርድ ታደለን። የተማሪው፣ የጡረተኛው፣ የመደበኛው ካርድ ዋጋው ይለያያል፤ መልኩ ግን እንደ ብሎኬት አንድ ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው ሆዱ ብቻ ነው። ሹፌሩ አጠገብ፣ በፊት በር፣ አንድ ማሽን ተሰቀለ፤ ካርዱን ስታስነካው ጢጥ ይላል፣ አረንጓዴ ያበራል። ከእንግዲህ ሁሉም በፊት በር ይገባል፣ በገዛ እጁ ያስነካል፣ በኋላ በር ይወርዳል ተባለ።

ይህን ለጠጋበሉ የነገራት ተቆጣጣሪው ነው። አራት እስክሪብቶ እንለዋለን፤ ደረት ኪሱ ላይ አራቱን ደርድሮ ነው የሚዞረው፣ የሚጽፈው ግን በአንዱ ነው። ከዓመታት በፊት ቲኬት መቁረጥ የተማረው ከእሷ ነበር፤ ያን ጊዜ ያወረደችበትን የስድብ ናዳ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ለአንድ ወር የካርድ አስተባባሪ ትሆኛለሽ ብሎ አረንጓዴ ሰደርያ ሰጣት። ወሩ ያለ ችግር ካለፈ ወንበሯ ይነቀላል፣ እሷም ወደ አውቶቡስ ማጠቢያው ትዛወራለች። ቅሬታ ከበዛ ግን ካርዱ ለጊዜው ይቆምና ወደ ወረቀቱ ቲኬት ይመለሳል።

ማጠቢያው ማለት የጎማ ቦት፣ ቀዝቃዛ ውሃና ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽ ማለት ነው። ጠጋበሉ ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት ቀርቷታል። ወገቧ ደግሞ ቁጭ ብላ እንኳ በየፌርማታው የሚቆረጥም ወገብ ነው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል» አለችው። «እኔ ሁለቱንም ነኝ።»

በመጀመሪያው ሰኞ ያደረገችው ነገር ቀላል ነበር። የኋላው በር መክፈቻ ቁልፍ ከወንበሯ ጎን ነው። ተጫነችው። በሩ ተከፈተ፣ እኛም እንደ ልማዳችን ግር ብለን ገባን። ካርዳችሁን አሳልፉ አለች። ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለጋትም። እጃችን ያውቀዋል። ሰማያዊ ካርዶች ከኋላ ወደ ፊት ጎረፉ፣ ፊት የቆሙት አስነኩ፣ ጢጥ ጢጥ አለ፣ ካርዶቹም ወደ ኋላ ተመለሱ። ሁሉም አንድ አንድ ሰጠ፣ ሁሉም አንድ አንድ ተቀበለ።

የማን የማንን? ይህን ማንም አልጠየቀም። ሳንቲም ከሳንቲም አይለይም፤ ሃያ ዓመት የተማርነው ይህንን ነው። ካርድ ግን ባለቤት አለው። ጠጋበሉ ይህን ገና ከመጀመሪያው ጢጥ ጀምሮ ታውቃለች፤ አረንጓዴ ሰደርያዋን ለብሳ ዝም ብላ ታያለች።

በሳምንቱ መስመሩ በእሳት ተያያዘ። ትናንት ካርዱን የሞላ ሰው ዛሬ ቀይ ይበራበታል። አንድ ጢማም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በተማሪ ዋጋ ሲሄድ ከርሞ መንግሥት አሰበልን እያለ ያመሰግናል፤ ከጎኑ የቆመች ተማሪ በመደበኛ ዋጋ እየተላጨች ታለቅሳለች። ማሽኑ ሌባ ነው ተባለ። ሹፌሩ ከማሽኑ ጋር ተሻርኳል ተባለ። እኔ ራሴ፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ማሽኑን በጃንጥላ ጫፍ ወግቼዋለሁ። የቆርቆሮ ሱቆቹ መስኮት ላይ ሰው እየተሰለፈ ቅሬታ ያስመዘግባል። ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ የአውቶቡስ ድርጅቱ መጋዘን የምትሠራ ወዳጇ ቅሬታው ከልክ አልፏል፣ አለቆቹ ወረቀት ሊያሳትሙ ነው ብላ ሹክ አለቻት። ጠጋበሉ በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ ፈገግ ስትል ታይታለች፤ ከጥርሷ አንዱ የብር እንደሆነ ያወቅነው ያኔ ነው።

ማክሰኞ ዕለት አማቷ ተሳፈሩ።

አሮጊቷ ለዓይናቸው ሞራ ሦስት ወር የጠበቁት ቀጠሮ ነበራቸው፤ አራት ሰዓት ላይ ሐኪም ቤቱ መስኮት ጋ ያልተገኘ ተራው ያልፈዋል። በምራታቸው አውቶቡስ ሲሳፈሩ እንደማያውቋት ነው የሚሆኑት። ምራቷ በነፃ ጫነቻት እንዳልባል ብለው ከማንም በፊት ነበር የሚከፍሉት፤ ካርድ ሲመጣም ከማንም በፊት ያሳለፉት እሳቸው ናቸው። እኔ የተቀመጥኩት ከጎናቸው ነበር።

ሦስተኛው ፌርማታ ላይ አራት እስክሪብቶ ካርድ ማንበቢያውን በአንገቱ አንጠልጥሎ ገባ። ሁለት ሦስት ሰው አለፈና አሮጊቷ ጋ ደረሰ። ካርዳቸውን አስነካ፣ የማንበቢያውን መስታወት አየ፣ እንደገና አስነካ።

«እማማ፣ ይሄ የተማሪ ካርድ ነው።»

«እና ብማር ምን አገባህ?» አሉ።

አውቶቡሱ ሳቀ። አራት እስክሪብቶ አልሳቀም። በሰው ካርድ መሄድ ቅጣቱ ካርዱን መነጠቅና እዚያው መውረድ እንደሆነ ከነአንቀጹ ነገራቸው። አውቶቡሱ የቆመው የሲሚንቶ መጋዘኑ ጋ ነው፤ የጭነት መኪና የሚርመሰመስበት፣ ጥላ የሌለበት፣ ከሐኪም ቤቱ አራት ፌርማታ የሚርቅ ቦታ። ካርዱ የተሰጠኝ በእጄ ነው፣ ሌላ አላውቅም አሉት። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው አላቸው። ከዚያ አሮጊቷ ተነሡ። አልለመኑትም። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ በአንድ እጃቸው ዘንጉን ይዘው፣ በዚያ ደመና በለበሰ ዓይናቸው ወደ ኋላው ወንበር ዞረው ተመለከቱ። ምን ያህል እንደሚታያቸው አላውቅም። እሷ ግን እንደታየች አውቃለች።

ዝም ብትል አንድ ቅሬታ ይጨመርላት ነበር፤ ወንበሯም የእሷ ነበር። ይህን እሷ ታውቃለች፤ እኛ በኋላ ነው የገባን። ሹፌሩ በሩን ሊዘጋ ሲል አንድ ደወል መታች። ቁም።

«እሳቸው አይወርዱም» አለች። «ካርዱን ያቀያየርኩት እኔ ነኝ። በኋላ በር እያስገባሁ አሳልፉ ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

የጠጋበሉን ድምፅ ያለ ጩኸት ስንሰማ የመጀመሪያችን ነው። ቀጥሎ ግን ሃምሳ ሰው በአንዴ ዞረባት። ኤሌክትሪኩ ሰውዬ ልብሽ ይድረቅ አላት፤ በዕድሜሽ አታፍሪም ያላትም ነበር፤ ከወደ ፊት አንዲት ሴት እንዲያውም ወንበሩን ከነእሷ ንቀሉት አለች። ያን ጃንጥላ የያዝኩት እኔም የተናገርኩት ነገር አለ፤ እሱን አልጽፈውም። አራት እስክሪብቶ አንደኛውን እስክሪብቶ መዝዞ ደብተሩን ገለጠ። ፊቱ የሠርጉ ቀን ነው የሚመስለው።

«ኋላ ትጽፋለህ፣ እጅህ አይሸሽም» አለችው ጠጋበሉ። «ያ በአንገትህ ያንጠለጠልከው የካርዱን ዓይነት ካሳየ፣ የታደለበትን ፌርማታስ ያሳያል?»

ያሳያል አላት ሳያስበው፤ ለካ የድሮ ተማሪዋ ነው።

«እንግዲያው ሁለት ደወል» ብላ ራሷ ደወለች። አውቶቡሱ ተነሣ። በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ወንበሯ ላይ ቆመች፣ ወገቧን በአንድ እጇ ይዛ። ካርድ ሁሉ ወደ ፊት ይለፍ አለች፤ እየተራገምናትም አሳለፍን። አራት እስክሪብቶ አንድ በአንድ ያነባል፣ እሷ ከላይ ትፈርዳለች። ተማሪ፣ ወፍጮ ቤቱ ፌርማታ ሲል፣ ያቺ ቦርሳዋ ላይ ቁልፍ የምታንጠለጥለው ናት ትላለች። መደበኛ፣ ድልድዩ ሥር ሲል፣ ሰዓት ሠሪው ነው፣ ተኝቷል፣ ቀስቅሱት። ጡረተኛ፣ የቀለም ሱቁ ጋ ሲል፣ ያ ጡረታ ወጥቶም ሥራ አለኝ እያለ የሚዋሸው ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌው አንገቱን ደፍቶ ካርዱን ተቀበለ። የእኔን እንዲህ አለች፦ መደበኛ ከሆነና የዳቦ ቤቱ ማዞሪያ ከሆነ፣ ያ ማሽኑን በጃንጥላ የወጋው ጀግና ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማን ከየት እንደሚሳፈር ለካ አንድም አልሳተችም። ሁለት ካርድ ብቻ ባለቤት አጣ፤ ባለቤቶቻቸው በሌላ ሰዓት የሚሳፈሩ ናቸው፤ እነሱንም ማን እንደሆኑ ነግራዋለች።

ጡረተኛ፣ የውሃ ታንከሩ ፌርማታ ሲባል አውቶቡሱ ሐኪም ቤቱ ጋ ሊደርስ ነበር። ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ መጣ፤ እኔ ነኝ ለአማቷ ያቀበልኳቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት፤ ሲወርዱ ማንንም ዞር ብለው አላዩም። አራት ሰዓት ሊሞላ ሰባት ደቂቃ ነበር።

ከዚያ በኋላማ የሚሆነው የታወቀ ነው። በማግስቱ ሰው ሁሉ ካርዱ ላይ ምልክት አደረገ፤ በምስማር የጫረ አለ፣ በጥፍር ቀለም የነቆጠች አለች። በፊት በር ገባን፣ በገዛ እጃችን አስነካን። ቅሬታው እንደ ቧንቧ ተዘጋ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ ያልገባቸው፤ አውቃ እንደጣለችው ያየነው ግን እናውቃለን። ወሩ እንዳለቀ መካኒክ መጥቶ አራቱን ብሎን ፈታ። አራት እስክሪብቶ የጻፈባት ማስጠንቀቂያ ሦስት ገጽ ነበር። ለአንድ ጊዜ ሁለተኛውን እስክሪብቶ ተጠቅሟል ይባላል።

ቤት ውስጥ የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ማጠቢያው ከሰፈሬ አጥር አጠገብ ነውና አሁን በአጥር ላይ እንሰዳደባለን። ያን ዕለት ማታ አማቷ ወንበርሽን በእኔ ሰበብ ጣልሽው አሉ፣ እኔ አልላክሁሽም አሏት። እሷም፣ ተማሪ ሆነው ቢቀሩ የቤት ሥራ የማሠራዎት እኔ ነኝ ብዬ ፈርቼ ነው አለቻቸው። አሮጊቷ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ሊዘጉት ነው ብላ ስትጠብቅ፣ እስከ ግማሽ ገፍተው ተዉት። እስከ አሁን ግማሽ ነው። በግማሹም ይጣላሉ።

ማጠቢያው ላይ አውቶቡሶች ከእጇ ሲወጡ ያብረቀርቃሉ። የእኛ መስመሩ ብቻ አንድ ነገር አለው፤ ፊት በሩ አጠገብ ያለው ማሽን አቧራው እንደ ቅርፊት ተጋግሮበታል። አራት እስክሪብቶ ለምን አታጥቢውም ቢላት፣ ተጣልተናል አለችው። ወለሉን ግን ራሷ ካልሆነች ሌላ ሰው አታስነካም። ወንበሯ ከተነቀለበት የቀሩት አራት ቀዳዳዎች ቆሻሻውን ውሃ ጥሩ አድርገው ያወርዱላታል። በአጥሩ በኩል ሳልፍ ጎንበስ ብላ አያታለሁ፤ ውሃውን በብሩሹ ወደ ቀዳዳዎቹ እየገፋች ጠጋ በሉ ትለዋለች፤ ውሃውም ጠጋ ይላል።