በሬያችንን ሊያሳጣን የነበረው ቦክሰኛ

ቦክሰኛውን አንዳችንም አይተነው አናውቅም። ስሙንም ሬዲዮው እንደጠራው አድርጎ መጥራት የቻለ ሰው ሆሳዕና ውስጥ አልነበረም፤ እኔ ዛሬም አልችልም። የምናውቀው ይህን ብቻ ነው፦ አፍሪካዊ ነው፣ ባሕር ተሻግሮ ነጮች አገር የዓለም ሻምፒዮና ተጋጥሟል፣ አሸንፏል። ያሸነፈው ግን በዝረራ አይደለም፤ በነጥብ ነው፣ ያውም በጥቂት ነጥብ ብልጫ። ሰውዬው አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ መትቶ ቢጥልልን ኖሮ የኛ ሰፈር ለሁለት ባልተከፈለ፣ እኔም አማቴ ፊት ላብ በላብ ባልሆንኩ ነበር።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፤ እኔ ገና ወጣት ባለሱቅ ነኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር ለንግድ ሆሳዕና መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር፤ ሲሞት ሱቁንና ምላሱን አወረሰኝ። ጨው፣ ላምባና ሳሙና እሸጣለሁ፤ ቅቤ እገዛለሁ። ሱቄ ከሻይ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ ስለሚዋሰን፣ የሻይ ቤቱን ሬዲዮ ሻይ ሳልገዛ እሰማ ነበር። ከንግዴ ሁሉ ያለ ኪሳራ የዘለቀው እሱ ነው።

ለመስቀል የሰፈራችን ሰዎች ተባብረን አንድ በሬ እንገዛና ሥጋውን እንካፈላለን። ሀዲያዎቹ በዓሉን ያሆዴ ይሉታል፣ ከምባቶቹ መሳላ፤ ስሙ ይለያይ እንጂ ሥጋው ያው ነው። በዚያ ቀን ሥጋ ያልገባበት ቤት በሩን ዘግቶ፣ ዘመድ ጋ ሄዷል አስብሎ ቢውል ይሻለዋል። የዚያን ዓመት በሬ የተገዛው ከጊምቢቹ ገበያ ነበር። የሚቀለበው ደግሞ ሃምሳ አለቃው ግቢ ነው። ሃምሳ አለቃ የምንለው ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ ጎረቤታችን ነው፤ ከጦሩ ከወጣ በኋላ ቆዳ ነጋዴ ሆኗል። በሬው በእንሰት ቅጠልና በአተላ ከመንደላቀቁ የተነሳ፣ ሰው ሲያልፍ ቀና ብሎ ማየት ትቶ ነበር።

ያ በሬ ለሌላው ሰው በሬ ነው፤ ለእኔ ግን የትዳሬ ጉዳይ ነበር። ሚስቴ ከከምባታ ምድር፣ የአንጋጫ ልጅ ናት። አባቷን ሽማግሌ ልኬ ሳስጠይቅ፣ "እንሰት የሌለው ሰው ቤት አለው አይባልም። ነጋዴ ዛሬ አለ፣ ነገ በሩ ላይ ቁልፍ ነው" ብለው ነበር። በስንት ምልጃ ሰጡኝ፤ ቤቴን ግን አልረገጡም። በዚያ ዓመት ታዲያ "ለመስቀል እመጣለሁ፣ ቤቱን አያለሁ" የሚል መልእክት ላኩ። ቤቱን አያለሁ ማለት ሥጋውን አያለሁ ማለት እንደሆነ ለእኔ ማንም አልተረጎመልኝም፤ ገብቶኛል።

የቦክሱ ወሬ የመጣው በዓሉ ሲቃረብ ነው። ሬዲዮው ማሸነፉን እንደተናገረ ሻይ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ የወጣው የሰፈራችን መምህር ለሁሉም ሻይ ጋበዘ፤ ይህ ራሱ ሌላ ዜና ነበር። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም አሸናፊዎች ነበርን። ነገር የመጣው ከአዲስ አበባ በሚመጣው አውቶቡስ፣ ጭቃ ለብሶ በደረሰው ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው ፎቶ ነበረው።

ፎቶው ላይ ዳኛው የኛን ሰው እጅ ወደ ላይ ይዞለታል። የኛ ሰው አንድ ዓይኑ ጨርሶ ተዘግቷል፤ ከንፈሩ አብጦ አፍንጫውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ተሸነፈ የተባለው ነጭ ከጎኑ ቆሟል፤ ጸጉሩ አልተበተነም፣ ፈገግ ብሏል፣ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ይመስላል።

ሃምሳ አለቃው ጋዜጣውን ከመምህሩ እጅ ተቀብሎ ወደ ደጅ ወጣ። ቆዳ ሲገዛ እንደሚያደርገው ወደ ፀሐይ ዘረጋው፣ አዘነበለው፣ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ተመልሶ ገባና ብያኔውን ሰጠ።

"ይሄ ሦስተኛ ደረጃ ነው" አለ የኛን ሰው እያሳየ። "ጭረት አለው፣ እብጠት አለው። ይሄኛው ግን አንደኛ ደረጃ። መዥገር እንኳ አልነካውም። አሸናፊው ይሄ ነው።"

"ሃምሳ አለቃ፣ ይሄ ሰው ነው፤ ቆዳ አይደለም" አለ መምህሩ።

"ሰው ምን ለብሶ ነው የሚኖረው? ቆዳ አይዋሽም። እኔ እዚህ ጫማዬን አወልቄ የተቀመጥኩ የገጠር ሰው መስዬህ ነው? ኮሪያ ስንት ቦክስ ያየሁ ሰው ነኝ!"

"ዳኞች አሉ እኮ! ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ለኛ ፈረዱ።"

"አንዱስ?"

"አንዱ ለነጩ።"

"እንግዲያው አንዱ ዓይን አለው።"

መምህሩ ብድግ አለ። "ስማኝ፤ ነጭ ዳኛ፣ በነጭ አገር፣ ለጥቁር በጥቂት ፈረደ ማለት፣ በእውነቱ ነጩ የተበለጠው በብዙ ነው ማለት ነው። ሚዛኑ ላይ ጣቱን አሳርፎ እንኳ የኛ ከብዶበት ነው!"

ይህችን ክርክር እኔ ባለ ሚዛኑ ከማንም በላይ ወደድኳት። ነገር ግን አፌን ዘጋሁ። ባለሱቅ ወገን ከያዘ ግማሹን ደንበኛ አባረረ ማለት ነው፤ በሁለቱም ወገን ሳሙና የሚገዛ ሰው ነበረኝ።

በማግስቱ ሃምሳ አለቃው ቦክስ ምን እንደሆነ ሊያሳየን ሱቄ ደጃፍ መጣ። ተደግፎ የቆመውን የጨው ጆንያዬን መረጠ። እጁን በጨርቅ ጠቀለለ፣ አንገቱን ሰበቀ፣ በእግሩ ጣቶች ጭቃው ላይ ትንሽ ጨፈረ፣ ከዚያ በቀኙ አሳረፈበት። ጆንያው ንቅንቅ አላለም። ሃምሳ አለቃው ግን እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"በነጥብ" አለ መምህሩ ድምፁን እንደ ሬዲዮው አወፍሮ፣ "ጨው አሸነፈ።"

የሳቀው ሰው በዛ። እኔም ትንሽ ሳቅኩ፤ ጨው የኔ ነው። ሃምሳ አለቃው ደህናውን እጁን ወደ ላይ አነሳና ማለ፦ "በሬው ያለው እኔ ግቢ ነው። ያ ሰው አሸነፈ የሚል አንድም ሰው ከዚያ በሬ ጅማት አይቀምስም!"

"በሬው አንተ ጋ ነው" አለ መምህሩ፤ "አራጁ ግን እኛ ጋ ነው።"

እውነቱን ነበር። በየዓመቱ የሚያርድልን ሰው የመምህሩ ወገን ነበር፤ ጥቁር አሸነፈ ሲባል ካጨበጨቡት ሁሉ ቀድሞ የተነሳ እሱ ነው። ሃምሳ አለቃው ደግሞ ቆዳ ይግፈፍ እንጂ ከብት ሲታረድ ማየት አይችልም፣ ፊቱን ያዞራል። ኮሪያ ላይ ምን ይሠራ እንደነበር ጠይቀነው አናውቅም። እንዲህ ሆኖ አንዱ ወገን በሬ ያለ ቢላዋ፣ ሌላው ቢላዋ ያለ በሬ ይዞ ተፋጠጠ። ከሌላ ቦታ አራጅ እንዳይጠራ፣ በዚያ ሰሞን ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አራጅ የለም። በሬው ደግሞ በሁለቱም ወገን የተገዛ ነው፤ ቆሞ አይከፈል ነገር።

አማቴ የደረሱት በበዓሉ ዋዜማ፣ በፈረስ ነው። እኔ በጓሮ በኩል አስገብቼ ነገሩን ልሸፍን አስቤ ነበር፤ እሳቸው ግን መንገዳቸውን በሻይ ቤቱ በኩል አደረጉ። እዚያ ሲደርሱ "አሸነፈ!" "አላሸነፈም!" የሚለው ጩኸት ፈረሱን አስበረገገው።

"ማን ነው ያሸነፈው?" ብለው ጠየቁኝ ልጓሙን ይዘው።

መልስ ሳልሰጥ ነጩን ጢማቸውን ያየ አንድ ሰው "ሽማግሌ ተገኘ! ያውም የውጭ፣ ወገን የሌለው!" ብሎ ጮኸ። ባሕር ዛፉ ሥር በርጩማ ወጣላቸው፤ ሁለቱም ወገን ግራና ቀኝ ቆሞ የቦክሰኞቹንና የበሬውን ነገር እየተሻማ ነገራቸው። እኔ መሃል ላይ ፈረሱን ይዤ ቀረሁ፤ ከሁላችንም የተረጋጋው ፈረሱ ነበር።

"ሁለቱ ሰዎች በምን ተጣሉ?" አሉ አማቴ።

"አልተጣሉም፣ አባባ" አለ መምህሩ።

"በድንበር ነው?"

"አይደለም።"

"በሚስት?"

"አይደለም። ለቀበቶ ነው የተጋጠሙት። ያሸነፈ የወርቅ ቀበቶ ይታጠቃል።"

"ቀበቶው የማን ነበር?"

"የነጩ ነበር። አሁን የኛ ሆነ።"

"እና የሰው ቀበቶ ነጥቆ ነው የምታጨበጭቡለት?"

ሃምሳ አለቃው ደስ ብሎት ጭኑን በዚያ በታመመ እጁ መታ፤ ወዲያው ግን ደስታው ከፊቱ ጠፋ። አማቴ ወደ እሱ ዞሩ።

"አንተስ? ሲማቱ አይተሃል?"

"ፎቶውን አይቻለሁ።"

"ነጩ ምን አለ? ተሸነፍኩ አለ ወይስ አልተሸነፍኩም?"

ሃምሳ አለቃው ወደ መምህሩ ዞረ። መምህሩ ጋዜጣውን ገለጥ አድርጎ፣ "እንኳን ደስ አለህ ብሎ ጨበጠው ይላል" አለ።

"እንግዲያው እነሱ ታርቀዋል" አሉ አማቴ። "ያልታረቃችሁት እናንተ ናችሁ።"

ሰው ሁሉ እሰይ አለ። እኔም በውስጤ እፎይ ብዬ፣ እኚህን ሰው ሳላውቃቸው ነው የኖርኩት አልኩ። አማቴ ግን አልጨረሱም።

"በመሃላችሁ ያለው ከብት ነው። በእኛ አገር ሰው የተጣላበት ከብት፣ ነገሩ እስኪያልቅ በገለልተኛ ሰው ግቢ ይታሰራል። ምስክሮቹ ያሉት ባሕር ማዶ ነው፤ እስኪመጡ ይቆያል። እዚህ ወገን የሌለኝ እኔ ነኝ። በሬው ከበዓሉ በፊት አንጋጫ እንዲደርስ አሁኑኑ ልነሳ። ገመድ አምጡልኝ።" ይህን ብለው ተነሱ።

አንድ ልጅ ገመድ ፍለጋ ሮጠ። እኔ ደግሞ ፈረሱን እንደያዝኩ የሚመጣውን አሰብኩ፦ ሥጋ የሌለው ቤቴን፣ ሳያዩት የሚመለሱትን አማቴን፣ በሬያችንን አማቱ ነዳው እየተባልኩ የምከፍተውን ሱቅ።

መጀመሪያ የተናገረው ሃምሳ አለቃው ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

"መምህር፣ ዳኞቹ ስንት ነበሩ ያልከኝ?"

"ሦስት።"

"ሦስትማ ከሆኑ... እኔ አንድ መስለውኝ እኮ ነው። ሁለት ከፈረዱማ አሸንፏል።"

"ተው እንጂ" አለ መምህሩ በትሕትና። "ያ ዓይኑ ግን እንዴት ነው የተመታው! እኔም ማታ ሳስበው፣ ተሸንፏል ብል ነው የሚሻለኝ።"

"አሸንፏል አልኩህ!"

"ኧረ ተሸንፏል! አንተው አይደለህም እንዴ ሦስተኛ ደረጃ ያልከው?"

"ብልስ? ሦስተኛ ደረጃ ቆዳ አይሸጥም? እኔ እየሸጥኩ አይደለም የምኖረው? አሸንፏል!"

ደረት ለደረት ተጋጠሙ። አንዱ የሌላውን ሐሳብ ቀምቶ፣ ከራሱም በባሰ ወኔ ይጮኽበት ጀመር። አማቴ ገመዱ እስኪመጣ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ያያሉ። እኔ ልጓሙን ለቅቄ መሃላቸው ገባሁ።

"አባባ፣ ታርቀዋል!" አልኩ።

"እየጮሁ?"

"የሆሳዕና ሰው የሚታረቀው እንዲህ ነው።" ከዚያ ወደ አራጁ ዞሬ፣ "ቢላዋህን ሳል" አልኩት። ያን ጊዜ ነው ሁለቱም ዝም ያሉት።

በሬው በማግስቱ ታረደ። ሃምሳ አለቃው ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆሞ፣ ነገሩ ሲያበቃ ቆዳውን ሊመረምር መጀመሪያ ደረሰ። ዕጣው ሲወጣ ለአማቴ ብለው ከየመደቡ ጥሩ ጥሩውን ጨመሩልን፤ ደግመው ለዳኝነት እንዳይቀመጡ ፈርተው ይመስለኛል።

ሚስቴ ክትፎውን በቆጮ አቀረበች፤ ቅቤው እኔ ራሴ ስንት ገበያ የተመላለስኩበት ነው። አማቴ ብዙ ሳይናገሩ በሉ። ጣራውን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ እንደገና ወደ ሳህኑ ተመለሱ። ሲጠግቡ እጃቸውን ታጥበው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"አንተ ልጅ፣ ትናንት በሬውን ልወስደው ነበር።"

"አውቃለሁ አባባ። ሊያስታርቁን ብለው ነው። ዘዴዎ ሰፈሩን ሁሉ አስገርሟል።"

"ምን ዘዴ?" አሉ አማቴ፤ ፊታቸው ላይ የሳቅ ምልክት የለም። "ልወስደው ነበር። የሚታሰርበትን ቦታ ሁሉ በልቤ መርጬ ነበር። አንተ ባትገባ ኖሮ ዛሬ አንጋጫ ነበር።"

 ከዚያ ዞር ብለው ልጃቸውን፣ "ይሄ ባልሽ ንብረቱን አይሰጥም፤ ደህና ነው" አሏትና ክትፎው አልቆ እንደሆነ ጠየቋት።