በከንፈር የሚወራ ወሬ

አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ አንሶላ የምትሸጠው ሴት እያንዳንዱን አንሶላ ወደ ፀሐይ ዘርግታ ሽመናውን ሳታይ አትሸጥም። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሸማኔ ሳለች የያዛት አመል አልለቀቃትም። ከባሕር ማዶ የመጣ ርካሽ ጨርቅ ገበያውን ሲሞላው ፋብሪካቸው ተዘጋ፤ ማሽኖቹም ተፈታተው ጨርቁ ለመጣበት አገር ተሸጡ። «ይሄን አንሶላ የሠራው እኔው ዘይት ስቀባው የኖርኩት ማሽን ይሆናል» ትላለች።

«እትዬ፣ ይበረክታል?» ይላታል ገዢ።

«ካላጠብከው ምን ይሆናል ብለህ!»

ከመንገዱ ማዶ ካልሲ የምትሸጥ የድሮ ባልደረባ አለቻት። በማሽኖቹ ጩኸት መሀል ድምፅ ስለማይሰማ ሸማኔዎቹ በከንፈር ብቻ ማውራት ለምደው ነበር። ሁለቱ ዛሬም በመኪናው ግርግር ላይ እንዲያ ያወራሉ። አንዷ ፊት ቆሞ ዋጋ የሚከራከራትን ሰው «ቆንቋና» እያሉ ሲያሙት እንኳ አይሰማም።

ዛሬ ባልደረባዋ ካልሲ አልዘረጋችም። ጉልበቷ ስለከዳት ሩቅ ያለች ልጇ ዘንድ ልትጠቃለል ሻንጣዋን ይዛ እዚያው ማዶ አውቶቡስ ትጠብቃለች።

«በይ እንግዲህ እህቴ፣ ክፉ አይንካሽ» አለች በከንፈሯ።

አንሶላ ሻጯ ልትመልስላት ስትል አውቶቡሱ መጥቶ ጋረዳት። ያኔ ባላት ድምፅ ሁሉ፣ «ደህና ሁኚልኝ!» ብላ ጮኸች።

መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አያት። ባልደረባዋ ብቻ አልሰማችም፤ ጆሮዋ እዚያው ፋብሪካ ቀርቷል።