ከሚዛን ተፈሪ ማጂ፣ በአዲስ አበባ በኩል

የዚያን ቀን አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ የሄድነው እኔ፣ ጡት የምትጠባው የመጨረሻ ልጄ፣ ባለቤቴ፣ አማቴ፣ ከአስኮ የመጣችው እህቴ፣ ሁለት የኮልፌ ጎረቤቶቻችንና መንገደኛዋ ትልቋ ልጄ ነበርን። በሁለት ሴቼንቶ ታክሲ ተጠቅጥቀን፣ ቅቤውን፣ ማሩንና የገንፎ ዱቄቱን ጭናችን ላይ ይዘን ነው የሄድነው።

ዘመኑ የጃንሆይ መጨረሻ ገደማ፣ ወቅቱ ክረምት ነው። ትልቋ ልጄ ሚዛን ተፈሪ ታስተምር ነበር። ታናሿ ባሏን ተከትላ ማጂ ሄዳ፣ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባለች። ባሏ ደግሞ ለሥራ ገጠር ወጥቷል። ያለ ዘመድ እንዴት ትታረሳለች? እኔ ሕፃን ታቅፌ መሄድ ስላልቻልኩ፣ እህቷ ሄዳ እንድታርሳት ተስማማን።

ባለቤቴ የልጆቹን ካርታ ዘርግቶ፣ «ይኸው ሚዛን፣ ይኸው ማጂ። መሃላቸው አንድ ጣት አይሞላም» አለኝ። በአየር ከሆነ ሽሮ እስኪንተከተክ አይፈጅም ይባል ነበር። ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ አውሮፕላን የለም፤ ወደ ሁለቱም የሚኬደው ከአዲስ አበባ ነው። በበቅሎ እንዳትሄድ ወንዙ ሞልቷል። ስለዚህ ልጄ እህቷ ዘንድ ለመድረስ፣ ለእህቷ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ እኛ በረረች።

«እኔስ ጎረቤት ቡና ስጠራ በጅማ ልዙር?» አሉ አማቴ።

«እማዬ፣ የአውሮፕላን መንገድ እንዲህ ነው» አላቸው ባለቤቴ።

«እንግዲያው በቅሎ ትሻላለች። በቅሎ ወደምትሄድበት ታያለች።»

እንደደረስን ዕቃውን ተቀብለው አስጫኑት። ልጄን ግን እኛ አልለቀቅናትም። አንዱ ይስማታል፣ ሌላው ይመርቃታል። እኔ ነጠላዋን እያስተካከልኩ ስለ ገንፎው አገነፋፍ እንደገና እነግራታለሁ። ለካስ አውሮፕላኑ ትንሽ ስለሆነ ሰውም ይመዘናል። ተሳስማ ስትጨርስ ሳትመዘን የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች።

«ሞልቷል» አላት ሚዛኑ ጋ የቆመው ሰውዬ።

«በምን ሞላ?» አልኩት።

«በቅቤ ነው እንጂ እመቤቴ።»

«ቅቤው ይውረድና እሷ ትግባ!»

«ከሥር ነው የተጫነው። የሰው ሁሉ ዕቃ ላዩ ላይ ነው።»

አውሮፕላኑ ሲነሳ እጄን አውለበለብኩ። «ለማን ነው?» አለችኝ እህቴ። ልጄ አጠገቤ ቆማለች።

«ይህን ሁሉ ምርቃት ያፈሰስነው ለቅቤው ነው» አሉ አማቴ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔ አለቀስኩ። ማጂ ያለችው ልጄ ብቻዋን ስታምጥ ነበር የሚታየኝ።

በሚቀጥለው በረራ ልጄ ተሳፈረች። አውሮፕላኑ ማጂ ላይ ዞሮ ዞሮ፣ ጉም መሬቱን ቢከልልበት ይዟት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ዝናቡ በረራውን አስቀረ። በመጨረሻ ስትደርስ ልጁ ተወልዶ፣ ክርስትናው ተቃርቦ ነበር።

እህቷን ያገኘቻት ወፍራ ነው። ቅቤያችን የወረደ ዕለት፣ ማረፊያው ሜዳ ዳር ማር የምትሸጥ ሴት ተቀባይ ማጣቱን አይታ፣ ጆንያው ላይ የተጻፈውን ስም አስነብባ፣ በአህያ ጭና ዳገቱን ወጣች። ልጄን ምጥ ይዟት አገኘቻት። «ዕቃሽም ደርሷል፣ እኔም ደርሻለሁ» አለቻትና መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ አዋለደቻት። ገንፎዋን እያገነፋች አረሰቻት፤ ገንዘብ ሲሰጧት አልቀበልም አለች።

አማቼ ወዲያው ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ ከዚያ ወዲህ ስለዚያች ባለማር ሴት የሰማነው የለም። ቀይ፣ ረጅም፣ ሳቅ የምታበዛ ሴት ነበረች ትላለች ልጄ። ማጂን የምታውቁ ካላችሁ፣ በሕይወት መኖሯንና የት እንዳለች እባካችሁ ንገሩኝ።